አንበሳው «አንቺ» የተባሉ ዕለት

ተረት ነው ብላችሁ ስሙት። ተረት አይደለም የሚል ካለ ደግሞ ድምፁን ቀንሶ ይበል። አገሩ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጥያቄ ሲበዛብኝ ራሴን ያመኛል፤ ደግሞም ስሙን ብነግራችሁ ከመካከላችሁ አንዱ ሮጦ ሄዶ መናገሩ አይቀርም። አውቃችኋለሁ።

እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ጌታ ነበሩ፤ ጌታውም የአራዊት ግቢ ነበራቸው። ግቢው ከከተማው እምብርት ላይ በረጅም የድንጋይ አጥር ታጥሮ ተቀምጧል። ገበያ የሚሄደውም፣ ሬሳ የሚሸኘውም፣ ምጥ የያዛትን ሴት የሚያደርሰውም ሁሉ አጥሩን ዞሮ ነው የሚያልፈው። ታዲያ አራዊቱ የጌታው ስለሆኑ በአዋጅ አንቱ ይባላሉ። ሰው ግን፣ ሽማግሌም ይሁን መነኩሴ፣ ሹም ፊት ሲቀርብ አንተ ነው። ጅቡ «ምሳቸውን በሉ» ይባላል። ጦጣዋ «ልጃቸውን አዘሉ» ይባላል። እኔ ዘለቀ፣ ይህን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ፣ አፍንጫውን ባልጠረገ ዘበኛ «አንተ፣ ቁም» እየተባልሁ ኖሬአለሁ። አትሳቁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

በዓመት አንድ ጊዜ የማየት ቀን የሚባል በዓል አለ። በዚያ ቀን እርሻ የለም፣ ሱቅ የለም፤ አገሩ ሁሉ ግቢው ገብቶ አራዊቱን ያያል። የታመመ በቃሬዛ ይመጣል። ዓይነ ስውርም አይቀርለትም፣ እየተመራ ያያል። ማየት እዚያ አገር የዓይን ጉዳይ አይደለማ። እያንዳንዱ ሰው በየፍርግርጉ ፊት ቆሞ፣ እጅ ነስቶ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አውሬ ውስጥ መኖሩን በአፉ መመስከር አለበት። ቃሉ «አየሁዎት፤ እርስዎ ነዎት» ነው። መጨመርም መቀነስም ክልክል ነው።

ዝሆኑ ድሮ ሞተዋል። በቦታቸው ግድግዳ ላይ ተስለዋል፤ ክረምት ሲመጣ ኩምቢያቸው ታጥቦ ይሄዳል፣ መስከረም ላይ ይቀጠልላቸዋል። አንድ ዓመት ቀለሙ አልደርስ ብሎ ኩምቢ ለሌላቸው ዝሆን እጅ ነስተናል። የሜዳ አህያው ደግሞ ኖራ የተቀቡ የወፍጮ ቤት አህያ ናቸው። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ስንት ዘመን እህሌን ተሸክመዋል። እሳቸውም ሳያውቁኝ አይቀሩም፣ ፊታቸው ቆሜ «እርስዎ ነዎት» ስላቸው ጆሯቸውን ጣል አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። አዞው ውኃ የላቸውም። ታዟል ይባላል፤ እኔ ጥርስ ሳበቅል የታዘዘ ውኃ ነው። የተመቻቸው ጅቡ ብቻ ናቸው፣ ማደሪያቸው ከሥጋ ቤቱ ጎን ነው።

ዋናው ግን አንበሳው ናቸው። የጌታው ዙፋን የቆመው በአንበሳው ግሣት ነው ይባላል። ጠዋት አንበሳው ሳያገሡ ችሎት አይቀመጥም፣ የከተማው በር አይከፈትም። ስለዚህ ምግባቸው እንዳይመረዝ ትልቅ ጥንቃቄ ይደረጋል። ሥጋው ከመግባቱ በፊት ቀማሽ ይቀምሰዋል። ቀማሹ እንዳያጭበረብር የቀማሽ ተመልካች ይቀምሳል። ተመልካቹንስ ማን ያምናል? የተመልካቾች አለቃ ይቀምሳል። አለቃው ባለ ቤተሰብ ነው፤ መርዝ ቶሎ የሚታወቀው ሕፃን ላይ ነው እያለ ቤቱ ወስዶ ልጆቹን ያስቀምሳል። አንበሳው ዘንድ የሚደርሰው አጥንት ነው፣ አጥንቱንም የሚያስገባው ዘበኛ መጥጦ ነው የሚሰጣቸው። እንዲህ በጥንቃቄ ብዛት አንበሳው በረሃብ ሞቱ።

መሞታቸውን ከተማው ያወቀው በአፍንጫው ነው። ግን ማን ይናገራል? በዚያ ዓመት የማየት ቀን ሁላችንም አፍንጫችንን በነጠላ ሸፍነን «አየሁዎት፤ እርስዎ ነዎት» እያልን አለፍን። አንድ ሰው ብቻ ቃሉን ሳይል ቆመ። የጎረቤቴ የትርንጎ ልጅ ነው፣ ኮርቻ ሰፊው አንዳርጌ። አንድ ልጇ ነው፤ ሌላ የላትም። ባለጌ እንዳይመስላችሁ፣ በአንቱታ ነው የተናገረው። አንበሳው ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማርና ይቀበሩ አለ።

የግቢው ሹም አዛዥ ይመኑ ይባላል። እዚያ ሳለሁ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ርቄአለሁና አንተ እለዋለሁ፣ ይህችን ታህል እንኳ ልበቀለው። ይመኑ ፀሐይ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ የተዘረጋበት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። እዚያው ሆኖ ፈረደ። ጎደሉ ያለ ይሙላቸው አለ። አንዳርጌ የአንበሳውን ቆዳ ለብሶ ፍርግርጉ ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት ጠዋት ያገሣል፣ የሚቀጥለው የማየት ቀን እስኪደርስ አንበሳው እሱ ነው። በዚያ ቀን ሕዝቡ ሁሉ አልፎ ሁሉም አንበሳ ካየ፣ ማታ በሩ ይከፈትለትና ቤቱ ይገባል። አንድ ሰው እንኳ ቆዳው ውስጥ ሰው ካየ ግን፣ አንዳርጌ እዚያው ይቀራል፤ ያየውም ሰው ባዶ ከሆነው ማደሪያ በአንዱ ይገባል። ባዶ ማደሪያ ደግሞ ሞልቷል።

ያ ዓመት ለትርንጎ ዓመት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ሥር ትቆማለች። መጀመሪያ ሰሞን የአንዳርጌ ግሣት ግሣት አይባልም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ጉሮሮውን የሚጠርግ ነው የሚመስለው፤ የከተማው በር ጠባቂዎች እየሳቁ ነበር የሚከፍቱት። እያደር ግን በረታ። ኋላ ኋላ ሲያገሣ ውሾች ከየደጁ ይሸሹ ጀመር። አንድ ቀን ደስ ይበልሽ፣ ለምዶታል፣ ምንም አይሆንም ብላት አፍጥጣ አየችኝ።

«ድምፁ እያማረበት ነው፣ አያ ዘለቀ» አለችኝ። «እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

የማየት ቀን ሲቃረብ ሌላ ጭንቅ መጣ። ትርንጎ ልጇን ከጡት ጀምራ አንቺ እያለች ነው ያሳደገችው። እናንተም ዘንድ እንዲሁ ይመስለኛል፣ እናት አንጀቷ ሲላወስ ወንዱን ልጅ አንቺ ትለዋለች። አንዳርጌ ጢም አብቅሎ፣ ኮርቻ ሰፍቶ፣ ለባላባት ፈረስ ልክ ወስዶ ሲመለስ እንኳ በሩ ላይ የምትቀበለው «መጣሽ? በላሽ?» ብላ ነበር። ጓደኞቹ ይቀልዱበታል፣ እሱ ምንም አይመስለውም። አሁን ይህችው እናት ፊቱ ቆማ አየሁዎት ልትል ነው። ነይ ብዬ ያሳደግሁትን ልጅ ይምጡ ልበለው እያለች አለቀሰች።

ልምምድ ያዝን። እኔ አንበሳ ሆኜ በራፌ ላይ እቆማለሁ፣ እሷ ፊቴ መጥታ እጅ ትነሳለች። የመጀመሪያ ቀን «አየሁሽ» አለችኝ። ተቆጣሁ። ማልቀስ ስትጀምር ደግሞ በራሴ ተናደድሁ። ሳታቋርጥ እየተመላለሰች፣ አህያ ስትነዳም፣ ውኃ ስትቀዳም ቃሉን ስታነበንብ ቆይታ በመጨረሻ አፏ ላይ ተስተካከለላት። የበዓሉ ዋዜማ እንደ ደብር ዜማ ቀጥ አድርጋ ተወጣችው። ምስር ወጥ ሠርታ፣ ነገ ማታ ለሚገባው ልጅ ከድና አስቀመጠች። መደቡንም አዲስ አጎዛ አነጠፈችለት።

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ከፊታችን የሰፈራችን ልጅ አበቡ ትንሹን ወንድ ልጇን ይዛ ትሄድ ነበር። ልጁ አራዊት ሊያይ ነው ተብሎ ደስታው ሌላ ነው፤ ይሮጣል፣ ድንጋይ ያነሳል፣ ወደ ኋላ ይቀራል። «ነይ እንጂ እናቴ፣ ነይ የኔ እመቤት» ትለዋለች፣ እየፈነጠዘ ይመጣል። ትርንጎ ያን እየሰማች ከንፈሯን ነክሳ ቃሏን ትደጋግም ነበር።

ግቢው ገባን። ግድግዳውን ዝሆን አየን አልን። አህያዬንም የሜዳ አህያ ነዎት አልሁ። አዞው ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው ነበር፣ መተኛት ይሁን ሌላ እንጃ፣ እሳቸውንም አየን አልን። ከነብሩ ማደሪያ ውስጥ ነብር የለም፤ ቆዳቸው ብቻ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ለማን እንደተሰጣ ሁላችንም እናውቃለን። ፈጠን ብለን አለፍን።

አንበሳው ዘንድ ስንደርስ ሰልፉ ዝም አለ። ቆዳው ለአንዳርጌ ድሮም ሰፊ ነበር፣ አሁን ጭራሽ ሌላ ሰው የሚያስገባ ሆኗል። ክርኑ ላይ ስፌቱ ተተርትሮ በራሱ የኮርቻ ስፌት ደግሞ ጠቅሞታል። ከመዳፉ ሥር ጣቶቹ ይታያሉ። እኔ በበኩሌ ሰሌዳውን እያየሁ ቃሉን ብዬ ዞር አልሁ። አበቡም ቃሉን አለች፣ ልጇም በኮልታፋ አፉ አለ። ከዚያ ትርንጎ ቀረበች። እጅ ነሳች። «አየሁዎት፤ እርስዎ ነዎት» አለች። አልተንቀጠቀጠችም። አለቀ፣ ማታ ልጇን ይዛ ትገባለች ብዬ በልቤ ስለት ሁሉ ተሳልሁ።

ዞር ብላ መራመድ ጀምራ ነበር። ይኸኔ ሆዱ ጮኸ። የአንበሳው ሆድ። በዚያ ጸጥታ መሀል የተራበ ሰው ሆድ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ። ትርንጎ ቆመች። አንገቷን መለሰችና፣ ማታ ማታ በሩ ላይ እንደምትለው፣ ቀስ ብላ አለች፦

«በላሽ?»

አንበሳውም ራሳቸውን ነቀነቁ። አልበላሁም ነው።

ሁላችንም አየን። የዚያን ጊዜ ብቻ ነው በዚያ ግቢ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር ያየነው። አዛዥ ይመኑ ከወንበሩ ወረደ፣ ጃንጥላ ያዡ ከኋላው እየተከተለ መጣ። መጀመሪያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ አንበሳው ምን ሆኑ ሲል ጠየቀ። ቆይቶ ከወደ ኋላ አንድ ሰው ዝንብ ነው ጌታዬ፣ ዝንብ አስቸገራቸው አለ። አዎ ዝንብ ነው ተባለ፣ ከዚህም ከዚያም። ውርጭ የነበረበት ወር ነው፤ ለዝንብ የሚሆን ሥጋም እዚያ ደርሶ አያውቅም። ግን ሁላችንም ዝንብ አልን፤ ለልጁ ብለን ነው፣ ለራሳችንም ብለን ነው፣ እንጃ።

ይመኑ ዝንቡን ተቀበለ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረ።

«አንቺ» አላት፣ «ለአንበሳው በሉ ይባላል። ለወንድ በላህ ይባላል። አንቺ በላሽ ነው ያልሽው። ማንን አይተሽ ነው?»

ትርንጎ ልጇን አየችው፣ በሩን አየችው። ገመዱ ላይ የተሰጣውን የነብር ቆዳም አየች። ልጄን አየሁ ብትል ሁለቱም ቀሩ። ጠባቂ መልአክ ይሁን ሰይጣን ያቀበላት አላውቅም፣ ደረቷን ነፍታ መለሰች።

«ሰው አላየሁም፣ ጌታዬ። ያየሁት አንበሲቱን ነው። ሴት ለሴት ብዬ ተደፋፈርሁ፣ አንቱታውን ዘነጋሁት። እሱን ይማሩኝ።»

ይመኑ ፍርግርጉን ዞረ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ጋማው የነተበውን አንገት አየ። ቀጥሎ ፊቱ በራ። ለካስ አንቱ እያልን ወንድ ይሁኑ ሴት ሳናውቅ ኖረናል አለ። አንቱታ እኮ ጾታ የለውም፤ እሳቸው ስንል ማን መሆናቸው ተሰወረብን አለ። ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው እጁን እያሻሸ፣ ይህች አሮጊት ከእኛ ሁሉ የተሻለ አይታለች ብሎ ለሕዝቡ አሳያት። የአንቱታውን ጥፋት ማራት። ሰዓሊው ተጠርቶ «አንበሳ» የሚለው ሰሌዳ እዚያው ዓይናችን እያየ «አንበሲት» ተባለ።

ምን ልበላችሁ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሴቶቹ ትርንጎን በጎን በጎን እየነኩ አይዞሽ አሏት። እሷም እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ጠየቀች፣ እባክዎ ጌታዬ፣ ማታ በሩ ስንት ሰዓት ላይ ይከፈታል አለች።

የማን በር ሲል ይመኑ ጠየቃት።

የልጄ፣ ፍርዱን የጨረሰው አለች።

ይመኑ በትዕግሥት አስረዳት፣ የሚያስጠላኝ ያ ትዕግሥቱ ነው። ልጅሽ የተፈረደበት ወንዱን አንበሳ እንዲሞላ ነው፤ ወንድ አንበሳ ግን እዚህ እንደሌሉ አንቺው መሰከርሽ። ያልነበሩትን አንበሳ የሞላ ሰው አይኖርም፤ የሌለ ሰው ደግሞ አይፈታም። እኚህ አንበሲት ዛሬ የታዩ ናቸው፣ ዘመናቸው ከዛሬ ይጀምራል አላት። ቀጥሎም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁላችን አዋጅ ነገረ። መሀን አንበሲት ለዙፋኑ ነውር ናቸው። እስከሚቀጥለው የማየት ቀን ደቦሎች ይኖሯቸዋል። የደቦሎቹ ቆዳ ይሰፋል።

ደቦሎቹ ማን እንደሚሆኑ ማንም አልጠየቀም፣ እሱ ግን ነገረን። ወንድ ሆነው እናታቸው አንቺ ስትላቸው አቤት የሚሉ ትንንሽ ልጆች ናቸው አለ። እነዚህ ያልሆኑትን መባል ከወዲሁ ለምደዋል፤ ቆዳው አይከብዳቸውም። ዘበኞች ከነገ ጀምሮ በየመንገዱ ቆመው ይሰማሉ አለ። ይህን ብሎ ወንበሩ ላይ ወጣ።

አንዳርጌ ያን ሁሉ ሲሰማ ተንበርክኮ ነበር። ትርንጎ ፍርግርጉን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ዘበኛ መለሳት። ከግቢው እየተገፋን ስንወጣ ያለ ሰዓቱ አገሣ። ድምፁ ያምር ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የአንበሳ ግሣት ሰምቼ አላውቅም። ትርንጎ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

ወደ ሰፈር ስንመለስ ትርንጎን ጠጋ የሚላት ጠፋ። ያን ጠዋት አይዞሽ ያሏት ሴቶች ልጆቻቸውን በቀሚሳቸው ጥግ ይዘው ፈጠን ፈጠን እያሉ ቀደሟት። እኔ ከጎኗ ነበርሁ። እሷ ብቻ አንድ ነገር ደጋገመች፣ ምስሩ ይበላሻል፣ ለማን ልስጠው ትል ነበር።

ከፊታችን የአበቡ ልጅ እንደ ጠዋቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ድንጋይ ያነሳል። ከመንገዱ ዳር አንድ ዘበኛ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አበቡ ዞረች። አፏ ነይ ለማለት ተከፈተ፣ ዘበኛውን አየችና ዋጠችው።

«ና» አለችው።

ልጁ ድንጋዩን ከእጁ ጣለ። በዕድሜው እናቱ እንዲህ ጠርታው አታውቅም። እጁን በልብሱ ጠረገ፣ ፈራ ተባ እያለ ቀረባት።

«እማ፣ ምን አጠፋሁ?» አላት።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ መንገዱ መሀል ቁጭ አለች። ደግፈን ቤቷ አስገባናት።

ይኸው ነው። ተረቴን መልሱልኝ አልላችሁም፤ እናንተው ዘንድ ይቀመጥ። ስትነሱ ልጆቻችሁን ጥሯቸው። በምን እንደምትጠሯቸው፣ መንገድ ዳር ማን እንደቆመ አይታችሁ እናንተው ታውቃላችሁ።